የኋላውን የፍሬን ቫልቭ ላውጣው?

የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ ይኸው፦

«ሰላም። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) የሌለው ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ አለኝ። ሲሚንቶና እህል ስለምጭንበት ከኋላ በየጎኑ አንድ አንድ ቅጠል ባሌስትራ አስጨመርኩ። ከዚያ ወዲህ ጭኜ ቁልቁለት ስወርድ የፊቱ ፍሬን በጣም ይሞቃል፤ የፊቱ ሸራም ቶሎ ቶሎ ያልቃል። የኋላው የሚይዝ አይመስልም። መካኒኬ ‹ከኋላ ሻንሲው ላይ ያለው ቫልቭ ተደፍኗል፤ አውጥተን ቱቦውን ቀጥታ እናገናኘው› አለኝ። ብዙ ሰው እንደዚያ አድርጎ እየነዳ ነው ይላል። ላውጣው?»

ሰላም ወንድሜ። አታውጣው።

ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ልንገርህ። ምክንያቱን ካወቅክ ነገ ሌላ መካኒክ ሌላ ነገር ቢልህም ራስህ ትመዝነዋለህ።

መካኒክህ ግማሹን በትክክል አይቷል። ወደ ኋላ የሚደርሰው ግፊት አንሷል፤ ይህ እውነት ነው። ቫልቩ ስለተደፈነ ግን አይመስለኝም። ቫልቩ ሥራውን እየሠራ ነው። የተሳሳተ መረጃ የደረሰው ባሌስትራው የተጨመረ ዕለት ነው።

ከክብደቱ እንጀምር። መኪና ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው ይደፋል፣ ኋላው ይነሳል። ይህን ሁሉም ሹፌር ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያስተውለው መጠኑን ነው። አንድ ባዶ ፒክአፕ እንውሰድ። ጠቅላላ ክብደቱ 1,700 ኪሎ ይሁን። ቆሞ ሳለ የፊት ጎማዎቹ 1,000፣ የኋላዎቹ 700 ኪሎ ተሸክመዋል እንበል። ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል 3 ሜትር፣ የክብደቱ መሀል ደግሞ ከመሬት 65 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ይሁን። ደረቅ አስፋልት ላይ አጥብቀህ ስትይዝ ወደ 295 ኪሎ የሚሆን ሸክም ከኋላ ወደ ፊት ይሄዳል። ፊት 1,295 ይሆናል። ኋላ 405 ብቻ ይቀረዋል።

ጎማ መሬቱን የሚይዘው በተጫነው ልክ ነው። 405 ኪሎ የተጫነው አክስል የ700 ኪሎ ያህል ፍሬን መሸከም አይችልም። በኃይለኛ ፍሬን ሰዓት ከአጠቃላዩ ሥራ የኋላው ድርሻ ሩብ እንኳ አይሞላም። ለስለስ አድርገህ ስትይዝ ግን ወደ ፊት የሚሄደው ክብደት ትንሽ ነው፤ ያኔ የኋላው ድርሻ ከሲሶ በላይ መሆን ይችላል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የኋላው ፍሬን ድርሻ አንድ ቋሚ ቁጥር አይደለም። በቀስታ ስትይዝ ብዙ፣ አጥብቀህ ስትይዝ ትንሽ መሆን አለበት። የፍሬን ዘይት በራሱ ይህን አያውቅም። ፔዳሉን ስትረግጥ ማስተሩ፣ ማለትም ፔዳሉ የሚገፋው ዋናው የፍሬን ሲሊንደር፣ ለፊትም ለኋላም እኩል ግፊት ነው የሚልከው።

«ታዲያ የኋላው ቀድሞ ቢነክስ ምን አለበት? ጎማ እንደሆነ ጎማ ነው» የሚል ሰው ብዙ አጋጥሞኛል። በጣም ልዩነት አለው። የተቆለፈ ጎማ መንከባለሉን ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ ወደ ጎን መቆሙንም ያጣል። ሲንሸራተት ወደየትኛውም አቅጣጫ እኩል ይሄዳል። የፊት ጎማዎች ቀድመው ከተቆለፉ መሪው አይሰማም፤ መኪናው ግን በያዘው መስመር ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል። ያስፈራል፤ ሆኖም ፍሬኑን ትንሽ ስትለቅ መሪህ ይመለሳል። የኋላዎቹ ቀድመው ከተቆለፉ ግን ፊቱ መሬት ይዟል፣ ኋላው አልያዘም። መኪናው ትንሽ ብቻ ዘመም ካለ ኋላው ወደ ጎን ይወጣል። በወጣ ቁጥር የሚያስወጣው ኃይል ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። መሪ አዙረህ ለማረም የሚተርፍህ ጊዜ በጣም አጭር ነው። ብዙ ጊዜ ሹፌሩ ሲነቃ መኪናው ወደ መጣበት ዞሯል፤ ወይም በጎኑ ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና ላይ ደርሷል።

ለዚህ ነው የአውቶሞቢል የፍሬን ሕጎች ኤቢኤስ በሌለው መኪና ላይ የፊቱ ጎማ ከኋላው ቀድሞ እንዲቆለፍ የሚጠይቁት። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 13-ኤች አንዱ ነው። መሐንዲሶቹ የኋላውን ፍሬን አውቀው የሚያለዝቡት ለዚህ ነው። የዘይት ወይም የብረት ቁጠባ አይደለም።

አሁን ወደ ቫልቩ እንግባ። እኔ የግፊት ማመጣጠኛ እለዋለሁ፤ በዕቃ መሸጫ ሱቆች ፕሮፖርሽኒንግ ቫልቭ ነው የሚባለው። ቀላሉን ዓይነት ብትፈታው ውስጡ ብዙ ነገር የለውም። አንድ ትንሽ ፒስተን፣ አንድ ሞላ፣ ጥቂት ጎሚኒ። ጥበቡ ያለው ፒስተኑ ላይ ነው። ሁለት ፊት አለው፤ ከማስተሩ በኩል ያለው ጠባብ፣ ወደ ኋላ ጎማ በሚወጣው በኩል ያለው ሰፊ ነው። ሞላው ፒስተኑን ገፍቶ መንገዱን ክፍት አድርጎ ይይዘዋል።

ፔዳሉን በቀስታ ስትረግጥ ዘይቱ ክፍት በሆነው መንገድ ያልፋል። ፊት 10 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ከሆነ ኋላም 10 ነው። ፊት 20 ከሆነ ኋላም 20። ቫልቩ እንደሌለ ቁጠረው። ነገር ግን ያው ግፊት ሰፊው ፊት ላይ ሲያርፍ ከጠባቡ ይልቅ የበለጠ ይገፋል። ይህ ትርፍ ግፊት ሞላውን የሚያሸንፍበት ሰዓት ይመጣል። 25 ባር ላይ ነው እንበል። ያኔ ፒስተኑ ይንሸራተትና መንገዱን ይዘጋል። ኋላ ያለው ዘይት በ25 ባር ታስሮ ይቀራል።

ፔዳሉን ስትጨምር ከማስተሩ የሚመጣው ግፊት ጠባቡን ፊት ይገፋል፤ ፒስተኑ በጥቂቱ ተመልሶ ቀዳዳውን ይከፍታል። ትንሽ ዘይት ሾልኮ ያልፋል። ኋላው ትንሽ ይጨምርና ፒስተኑ መልሶ ይዘጋዋል። ይህ ከፈት፣ ዘጋ በጣም ፈጣን ነው፤ እግርህ ላይ አይሰማህም። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው። ጠባቡ ፊት የሰፊው 40 በመቶ ከሆነ፣ ከ25 ባር በኋላ ፊት 10 ባር በጨመረ ቁጥር ኋላ የሚጨምረው 4 ባር ብቻ ነው። ፊት 80 ባር ሲደርስ ኋላ 47 ባር ላይ ይሆናል።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልብ በል። ቅነሳው የት እንደሚጀምር የሚወስነው ሞላው ነው። ከጀመረ በኋላ ምን ያህል እንደሚቀንስ የሚወስነው የሁለቱ ፊቶች ስፋት ነው። ስፋቱ ብረት ነው፤ አይለወጥም። የሞላው ኃይል ግን ሊለወጥ ይችላል። ያንተ መኪና ላይ ያለው ቫልቭ የተሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው።

ለቤት መኪና አንድ ቋሚ ሞላ ይበቃዋል። አምስት ሰው ቢሳፈርም ባዶውና ሙሉው ያን ያህል አይራራቁም። ፒክአፕ ግን ሌላ ነገር ነው። ከላይ ያለው ባዶ ፒክአፕ ካሶኒው ላይ 800 ኪሎ ጫን። ቆሞ ሳለ ፊት 1,050፣ ኋላ 1,450 ኪሎ ይሆናል እንበል። ጭነቱ የክብደቱን መሀል ከፍ ስለሚያደርገው ወደ 75 ሳንቲ ሜትር እናድርገው። አጥብቀህ ስትይዝ ወደ 500 ኪሎ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ኋላ 950 ይቀራል። ባዶ ሲሆን የቀረው 405 ነበር። ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። አንድ ቋሚ ቫልቭ ሁለቱን ሊያገለግል አይችልም። ለባዶው ብታስተካክለው ስትጭን የኋላው ፍሬን ይተኛል። ለጭነቱ ብታስተካክለው ባዶ ስትሆን የኋላው ጎማ ይነክሳል።

ስለዚህ የሃይሉክስና የመሰል ፒክአፖች ቫልቭ ጭነት እንዲያነብ ተደርጎ ተሠራ። ብዙ ሃይኤስ ሚኒባሶችም ይህ አላቸው። መኪናው ስር ግባና የኋላውን አክስል ተመልከት። ከበላዩ ሻንሲው ላይ የታሰረ፣ ብዙ የፍሬን ቱቦ የሚገባበትና የሚወጣበት የብረት ቁራጭ ታያለህ። ከእሱ አንድ ክንድ ይወጣል። የክንዱ ጫፍ በዘንግ ከአክስሉ ጋር ተያይዟል። ስትጭን ሻንሲው ወደ አክስሉ ይወርዳል፤ ዘንጉ ክንዱን ወደ ላይ ይገፋል፤ ክንዱም ፒስተኑን ከሞላው ጋር ሆኖ ይደግፋል። ፒስተኑ በቶሎ አይሸነፍም። ቅነሳው የሚጀምረው በ25 ባር መሆኑ ይቀርና ለምሳሌ በ60 ይሆናል። ፊት 80 ባር ሲሆን ኋላ 68 ያገኛል። ስታራግፍ ሻንሲው ይነሳል፣ ክንዱ ይወርዳል፣ ቫልቩ ወደ 25 ይመለሳል።

ሚዛን ግን የለውም። ቫልቩ ኪሎ አያውቅም። የሚያውቀው በሻንሲውና በአክስሉ መካከል ያለውን ክፍተት ብቻ ነው። ክፍተቱ ከጠበበ «ተጭኗል» ይላል። ከሰፋ «ባዶ ነው» ይላል።

አሁን ያንተን ባሌስትራ አስበው። የተጨመረው ቅጠል ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ባዶውን መኪና ከፍ ያደርገዋል። ሁለተኛ፣ ስትጭን እንደ ድሮው እንዳይወርድ ያደርገዋል። በቁጥር እንየው። ድሮ 800 ኪሎ ሲጫን 8 ሳንቲ ሜትር ይወርድ ነበር እንበል። አዲሱ ቅጠል 4 ሳንቲ ሜትር ከፍ አደረገው፤ ሲጫንም 5 ብቻ ይወርዳል። ሙሉ ጭነት ይዞ ከድሮው ባዶ ቁመቱ በ1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ቫልቩ ያንን 1 ሳንቲ ሜትር አይቶ «ባዶ ነኝ ማለት ይቻላል» ብሎ ይወስናል። ፊት 80 ባር ሲሆን ለኋላ 68 መስጠት ሲገባው 50 ገደማ ይሰጣል። የቀረውን ሥራ ማን ይሠራዋል? የፊቱ። ሙቀቱም የሸራው ማለቅም ከዚህ ይመጣል።

ይህን ደግሞ እንደ ቀላል አትየው። ጭኖ ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ የሚወርድ ሰው የፊቱ ፍሬን ብቻ ሲሠራለት ምን እንደሚደርስበት ግልጽ ነው። አዲስ ዶት 3 የፍሬን ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት። የፍሬን ዘይት ግን ከአየር ውኃ ይስባል። ውኃ ከጠጣ በኋላ ያ ቁጥር 140 ድረስ ሊወርድ ይችላል። ከፈላ ቱቦው ውስጥ አረፋ ይፈጠራል፤ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሆኖ ወለል ይነካል። ስለዚህ ችግሩ እስኪስተካከል ድረስ ጭነት ቀንስ፤ ቁልቁለቱንም በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ እየያዘህ ውረድ። ዘይቱ ከተቀየረ ሁለት ዓመት ካለፈው አሁኑኑ አስቀይረው።

ታዲያ ቫልቩ ይውጣ ቢባልስ? ወደ ዋናው ጥያቄህ መጣን። አውጥተህ ቱቦውን ቀጥታ ብታገናኘው መጀመሪያ የሚሰማህ ደስታ ነው። ጭነህ ስትሄድ ፍሬኑ አሪፍ ይሆናል። ኋላው ይይዛል፣ ፊቱ አይሞቅም። መካኒክህም «አላልኩህም?» ይልሃል። እነዚያ «ብዙ ሰዎች» ምንም አልሆንም የሚሉትም ለዚህ ነው። አብዛኛውን ቀን ማንም አጥብቆ ፍሬን አይዝም፤ ቫልቩም የሚሠራው አጥብቀህ ስትይዝ ብቻ ነው። አለመኖሩ በየቀኑ አይታይም።

የሚታየው ጭነትህን አራግፈህ ባዶውን ስትመለስ ነው። ፍጥነት አለህ። ከፊትህ በሬ ወይም ልጅ ይገባል። በሙሉ እግርህ ትረግጣለህ። ፊት 80 ባር ነው፤ ኋላም 80 ነው። ባዶው ኋላ እንዲደርሰው የታሰበው ግን 47 ነበር። ከታሰበለት 70 በመቶ ብልጫ አለው። በዚያ ላይ የኋላው ፍሬን ታምቡር ነው፤ ሸራው ከውስጥ ወደ ውጭ ተገፍቶ ክቡን ብረት ይይዛል። ታምቡር ውስጥ በጎማው መዞሪያ አቅጣጫ ያለው ሸራ ሲነካ ራሱን ይበልጥ ወደ ታምቡሩ ይጎትታል፤ መንከስ ከጀመረ ለማለዘብ ያስቸግራል። ጎማዎቹ ይቆለፋሉ፣ ኋላው ይወጣል። ይህ እንዲሆን ዝናብ መዝነብ የለበትም፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ይሆናል።

ሌላም ነገር አለ። በብዙ የቶዮታ ፒክአፖች ይህ ቫልቭ ሁለተኛ ሥራም አለው። የፊቱ መስመር ቢፈነዳና ግፊት ቢያጣ ማለፊያ መንገድ ይከፍትና ያለውን ግፊት ሁሉ ሳይቀንስ ለኋላ ይሰጣል። አውጥተህ ስትጥለው ይህንንም ነው የምትጥለው።

አንዳንድ ቦታ ደግሞ ቫልቩ ሳይወጣ ክንዱ በሽቦ ወደ ላይ ይታሰራል። ከማውጣት ብዙም አይሻልም። ሁልጊዜ «ተጭኛለሁ» ብሎ እንዲያስብ ማድረግ ነው። ያገለገለ ፒክአፕ የምትገዙ ሰዎች ስሩ ገብታችሁ ይህን ሽቦ ፈልጉ። ካያችሁት ሌላውም የፍሬን ሥራ በምን ዓይነት እጅ እንደተሠራ ጠርጥሩ።

አሁን ምን ታደርጋለህ? ቫልቩን ከመንካትህ በፊት የፍሬኑን ጤንነት አረጋግጥ። የኋላ ታምቡሮቹን አስፈታ። ሸራው ከታምቡሩ በጣም ርቆ ከተስተካከለ ፔዳሉ መንገዱን በከንቱ ይጨርሳል። የጎማው ሲሊንደር ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ከአክስሉ የዲፈረንሻል ዘይት አፍስሶ ሸራውን አርሶት ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ከባድ በሚጭን መኪና ላይ የአክስል ዘይት መከላከያው ቶሎ ይበላል። ወደ አክስሉ የሚወርደው የላስቲክ ቱቦም ይታይ። ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ሊያብጥና ዘይት ሊያሳንቅ ይችላል። መኪናህ ከፍ ስላለ ደግሞ አክስሉ ሲንጠለጠል ቱቦው እንዳይወጠር እየው። ከፊት ደግሞ የካሊፐሩ (የፊቱን ሸራ ጨምቆ የሚያስይዘው ክፍል) ፒስተን ሳይመለስ እየጎተተ ከሆነ እሱም ብቻውን ያን ሁሉ ሙቀት ያመጣል። ፍሬን ሳትይዝ ትንሽ ነድተህ አንዱ የፊት ቸርኬ ከሌላው ይበልጥ ከሞቀ፣ ነገሩ ሌላ ነው።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ወደ ቫልቩ ሂድ። መጀመሪያ እጠበው። ጭቃና አቧራ ክንዱ ዙሪያ ተጋግሮ ድንጋይ ይሆናል። ክንዱን በእጅህ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሰው። ሞላው ሲታገልህ ሊሰማህ ይገባል፤ ስትለቀው ግን መመለስ አለበት። ክንዱ ደርቆ አልነቃነቅ ካለ፣ ወይም የአቧራ መከላከያ ጎማውን ስትገልጠው ውስጡ የፍሬን ዘይት ካለ ቫልቩ አልቋል። ያኔ መካኒክህ ልክ ነው፤ ይውጣ። በምትኩ ግን ለዚያው ሞዴል የተሠራ ሌላ ቫልቭ ይግባ። የሌላ ሞዴል ቫልቭ በቱቦው ልክ ቢገጥምም የሞላውና የፒስተኑ ልክ ሊለያይ ይችላል። ዘይቱ ታንከር ውስጥ የመሪ ዘይት ወይም የሞተር ዘይት ተጨምሮ የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ቫልቩ ላይ ብቻ አያቆምም። የፍሬን ጎሚኒዎች በሙሉ ያብጣሉ፤ ሁሉም መቀየር አለባቸው።

ቫልቩ ጤነኛ ከሆነ የቀረው ሥራ ለአዲሱ ቁመት ማስተካከል ነው። በጣም ቀላሉ መፍትሔ የተጨመረውን ቅጠል ማስወጣት ነው። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ከተፈቀደለት በላይ እየጫንክ ከሆነ ይህን ነው የምመክርህ፤ ምክንያቱም ባሌስትራ ጨመርክ እንጂ ፍሬን አልጨመርክም። ቅጠሉ ይቆይ ካልክ ክንዱ ወደ ቀድሞ ቦታው እንዲመለስ መደረግ አለበት። መኪናው 4 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ ወይ ዘንጉ በዚያው ልክ ይረዝማል፣ ወይ ቫልቩ የታሰረበት ማሰሪያ በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። ብዙዎቹ ዘንጎች ዳዶ ፈትተህ የምታስተካክልባቸው ጥቂት ቦታ አላቸው። ያ ካልበቃ ማሰሪያው ይሠራለታል። ዘንጉን በመዶሻ ማጣመም ግን ሥራ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልንገርህ። ይህ ካለቀም በኋላ እንደ ፋብሪካው አይሆንም። ባዶ ሲሆን ልክ ይሆናል። ስትጭን ግን ድሮ 8 ሳንቲ ሜትር ይወርድ የነበረው 5 ብቻ ስለሚወርድ ቫልቩ የጭነቱን ስልሳ በመቶ ገደማ ነው የሚያየው። ከላይ ባለው ምሳሌ ኋላው 68 ማግኘት ሲገባው 60 ባር ያገኛል። ከ50 በጣም ይሻላል፤ ሆኖም ጎዶሎ ነው። «ታዲያ ትንሽ አስረዝመን ለጭነት ልክ እናድርገው» የሚል ይመጣል። እምቢ በል። ያኔ ባዶው ይበላሻል። ሁለቱንም ማግኘት ካልተቻለ የፊቱ ቀድሞ የሚቆለፍበትን ምረጥ።

ማስተካከሉ በዓይን ብቻ አይለቅ። ትክክለኛው መንገድ ሁለት የግፊት መለኪያ መጠቀም ነው። አንዱ በፊት ጎማው ፍሬን የአየር ማስወጫ ላይ ይገጠማል፣ ሌላው በኋላው ፍሬን ላይ። የኋላው አክስል ላይ መመሪያው የሚለው ክብደት እንዲያርፍ ይደረጋል። ከዚያ ፔዳሉ ተረግጦ «ፊት ይህን ያህል ሲሆን ኋላ ይህን ያህል» ከሚለው የአምራቹ ሠንጠረዥ ጋር ይነጻጸራል። ቁጥሮቹ በሞዴልና በዓመት ይለያያሉ፤ የኔ 25ና 60 ለማስረዳት የወሰድኳቸው ናቸው፣ እነሱን ይዘህ እንዳትሄድ። መለኪያው ያለው ጋራዥ ብዙ አይደለም። ቢሆንም ፈልግ፤ ያለው ባለሙያ የፍሬን ሥራ የሚያውቅ ነው።

የፍሬን ቱቦ ከተፈታ ከመስመሩ ውስጥ አየር ማስወጣት የግድ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጋራዥ የሚስተው ነገር አለ። መኪናው ከሻንሲው ተነስቶ አክስሉ ከተንጠለጠለ ክንዱ እስከ መጨረሻው ይወርዳል፤ ቫልቩ ኋላውን በጣም ያንቃል። አየሩ በደንብ አይወጣም። ክሪኩ ወይም መደገፊያው ከአክስሉ ስር ይሁን፣ ወይም ጎማው መሬት ይንካ። ቫልቩ ላይ የራሱ የአየር ማስወጫ ካለም አይረሳ።

በመጨረሻም የመንገድ ሙከራ። ባዶውን መኪና ሰው የሌለበት ሰፊና ደረቅ ሜዳ ላይ ውሰደው። አንድ ሰው ራቅ ብሎ ከጎን ይቁም። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄድክ ፍሬኑን እየጨመርክ ያዝ፤ በአንዴ አትርገጥ። የቆመው ሰው የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የትኛው ጎማ ቀድሞ መዞር እንዳቆመ። የፊቱ ከሆነ ጥሩ። የኋላው ከሆነ ወዲያው ልቀቅና ወደ ጋራዥ ተመለስ። የዓመታዊ ምርመራው ሮለር ይህን አይነግርህም። እዚያ መኪናው ቆሞ ጎማው ብቻ ነው የሚዞረው፤ ክብደት እንደ መንገዱ ወደ ፊት አይሄድም። ስለዚህ ቫልቩ የወጣለት መኪና ሮለሩን በጥሩ ውጤት ሊያልፍ ይችላል። «ቦሎ አልፏል» የሚለው ለዚህ ጉዳይ ማስረጃ አይሆንም።

ትናንሽ መኪና ያላችሁም ጥያቄው ይነካችኋል። በቆዩ ኮሮላዎችና መሰሎቻቸው ላይ ማመጣጠኛው ማስተሩ አጠገብ ነው፤ ክንድ የለውም። እነዚህ ላይ የፍሬን መስመሩ በሰያፍ (አንዱ የፊት ጎማ ከተቃራኒው ጎን የኋላ ጎማ ጋር) ስለሚከፈል ለእያንዳንዱ የኋላ ጎማ የየራሱ ቫልቭ አለ። አንዱ ተጣብቆ ግፊቱን መቀነስ ቢያቆም አንድ የኋላ ጎማ ብቻ ቀድሞ ይነክሳል። ሰው ታምቡሩን እየፈታ ይቸገራል፤ ችግሩ ግን ኮፈኑ ስር ነው።

እንደ ቪትዝ ባሉ ኤቢኤስ ባላቸው አዳዲስ መኪኖች ላይ ይህን የብረት ቫልቭ አብዛኛውን ጊዜ አታገኙትም። ሥራውን ኮምፒውተሩ ወስዶታል። የየጎማውን ፍጥነት እያነበበ የኋላው ከፊቱ ይልቅ መዘግየት ሲጀምር ግፊቱን እዚያው ያቆመዋል። ከዳሽቦርዱ የምታነቡት ነገር አለ። የኤቢኤስ መብራት ብቻውን ከበራ በብዙ መኪኖች ላይ የማመጣጠኑ ሥራ አሁንም አለ። የኤቢኤሱና ቀዩ የፍሬን መብራት አብረው ከበሩ፣ የእጅ ፍሬኑም ከተለቀቀ፣ የፍሬን ዘይቱም ካልጎደለ፣ ማመጣጠኑም እንደቆመ ቁጠሩት። ያ መኪና በዚያች ሰዓት ቫልቭ የወጣለት ፒክአፕ ማለት ነው። ቀስ ብላችሁ ወደ ጋራዥ ሂዱ፤ አንድ ወር አትንዱበት።

አንተ ወንድሜ መጀመሪያ ሜትር ይዘህ ከኋላው ቸርኬ መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ቁመት ለካ፤ አንድ ጊዜ ባዶ፣ አንድ ጊዜ የተለመደ ጭነትህን ይዘህ። ከዚያ የመኪናውን የተሠራበት ዓመትና የክንዱን ፎቶ ጨምረህ ጻፍልኝ። ዘንጉ ይበቃ እንደሆነ ወይም ማሰሪያ እንደሚያስፈልግ ከነዚያ ቁጥሮች መናገር ይቻላል።